ቀለም የሸሸው ስፍራ

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ወንድሜ ስሜን ከመጽሐፌ ላይ ፍቆ የራሱን ጻፈበት። ነገሩ ይኸው ነው፤ አላለሰልሰውም። በምላጭ ፋቀ፣ በቀይ ቀለም ጻፈ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ዝም ብሎ ተቀበለው።

መጽሐፉ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ቆዳውን የነከርኩት፣ የወጠርኩት፣ መስመሩን በወስፌ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ እንደ ማንኛውም ጸሐፊ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ይህን የጻፈውን ወልደ ገብርኤልን በጸሎታችሁ አስቡት የምትል። ወልደ ገብርኤል የክርስትና ስሜ ነው። መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር ካህኑ ያን ስም ይጠራል። ጸሐፊ ከብራና የሚጠብቀው ሌላ ነገር የለም። ዛሬ የሚጠራው ግን ገብረ ሥላሴ ነው፤ የመሪጌታ አስረስ የክርስትና ስም፣ የታናሽ ወንድሜ።

ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ "ደሴ ደግሞ ከየት ተምሮ?" አለ አሉ። ደሴ የዓለም ስሜ ነው። መማሩንስ አልተማርኩም። የተወለድንበት ኮሶዬ ላይ አባታችን እሱን ለቄስ ትምህርት፣ እኔን ለሞፈር መደበን። ፊደል የለየሁት እሱ ሲያነብ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ብርዕ መቅረጽ፣ ቀለም መበጥበጥ ማንም አላሳየኝም። ስሜን ከፋቀ ወዲህ በአንድ ከተማ እየኖርን፣ እኔ ወለቃ እሱ አራዳ፣ ቃል አልተለዋወጥንም።

ይህን ዛሬ የጻፍኩት የእሱን ስም ልጽፍለት ስለሆነ ነው። ታሟል። አይድንም። ልጁ ሰርክዓለም ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ ከሟች ጋር የሚቀበረው ጥቅል ጸሎት በእኔ እጅ እንዲጻፍለት ይፈልጋል አለችኝ። አንደበቱ ሳይያዝ የተናገረው የመጨረሻው ነገር ይህ ነው አሉ። ብዙ ካህናት አያስፈልግም የሚሉት ነገር ነው። እሱ ግን የድሮ ሰው ነው፤ ስሙ ተጽፎ ደረቱ ላይ ካልተቀመጠ መንገዱ የሚዘጋበት ይመስለዋል። ከመሞቱም በፊት በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

እሺ ያልኩት ለልጅቱ ብዬ ነው። እሷ አባቷን ተደብቃ ትጠይቀኝ ነበር።

ጸሎቱ አልቋል። የቀረው ስሙ ነው። ወጉ እንዲህ ነው፤ ጸሐፊ ሁሉንም በጥቁር ይጽፋል፣ የባለቤቱን ስም ቦታ ባዶ ይተዋል፣ በመጨረሻ በቀይ ይሞላዋል።

አሁን ሰርክዓለም ደወለች። አባቷ ስሙ ሳይገባ ጥቅሉን ልየው ብሎ በእጁ ምልክት ሰጥቷል። ሊያርመኝ ነው። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ሊያርመኝ ነው። ብራናዬን ለሰው አልሰጥም። እኔው እወስደዋለሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አራዳ ደርሼ መጣሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠያቂዎቹ ውጭ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሳልፍ ተነሡልኝ። እሱ ግድግዳ ሥር ተኝቷል። ከሰውነቱ የቀረው ግንባርና እጅ ነው።

ሰርክዓለም ጤና ጣቢያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ለነገሩ ዘዴ አላት። ውሃ በማንኪያ ስታጠጣው ጠብታው ከንፈሩ ላይ እንደ ዶቃ ይቆምና ተንከባሎ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከራስጌው ከፍ አድርጋ አስቀምጣ፣ የተፈተለ ጥጥ አንዱን ጫፍ ብርጭቆው ውስጥ፣ ሌላውን በአፉ ጥግ አድርጋለች። ውሃው ማንም ሳይገፋው በጥጡ ይወጣል፣ የብርጭቆውን ከንፈር ይሻገራል፣ ወደ አፉ ይወርዳል።

ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ብርዕም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የመቃው ጫፍ ስንጥቅ አለው፤ ቀለሙ በዚያ ጠባብ መንገድ ራሱ ይሄዳል። ፈሳሽ ጠባብ ቦታ ይወዳል። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ ያ በጥጥ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሄድ ውሃ። ቁጭ ብዬ አየሁት።

ጥቅሉን ዘረጋሁለት። ሰላም አላልኩትም። እሱም አላለኝም፤ አንደበቱ ኖሮትም ቢሆን አይለኝም ነበር። ሌባ ጣቱን ከመስመሩ ዝቅ አድርጎ ብራናውን ሳይነካ አነበበ፤ ጥንቃቄው ዱሮም እንዲህ ነበር። ዓይኑ አንድም ቦታ አልቆመም። ስህተት ቢያገኝ ኖሮ ቅንድቡ ይነሣል፤ ከልጅነት አውቀዋለሁ። አልተነሣም።

ባዶው ስፍራ ሲደርስ አውራ ጣቱን አሳረፈበት።

ነካ አድርጎ አላነሣውም። ተጫነው። ዓይኑን እኔ ላይ አደረገ። ብራናውን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁ፣ አልለቀቀም። ውሃ መዋጥ የማይችል ሰው ያን ጉልበት ከየት አመጣው? ሰርክዓለም ጎንበስ ብላ፣ "አባዬ፣ ስህተት አለው እንዴ?" አለችው። ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ ላላ።

"የለውም" አልኳት። ጠቅልዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። አዲስ ብርዕ ቀረጽኩ። ቀዩን ቀለም በጠበጥኩ። "ገ" ብዬ ጻፍኩ።

ቀለሙ ከብርዑ ወረደ፤ ብራናው ላይ ግን አልተኛም። ጤዛ ጎመን ቅጠል ላይ እንደሚሆነው ተሰበሰበና ክብ ሆኖ ቆመ። ብራናውን ዘንበል ሳደርገው ተንከባለለ። በጥጥ አነሣሁት፤ ሥሩ ምንም ምልክት የለም፣ ነጭ። ደግሜ ጻፍኩ። ያው። በሦስተኛው ብርዑን አጥግቤ ጣልኩበት። ቀለሙ ከመሐል ወደ ዳር ሸሸ፤ ዳር ላይ ደርሶ ቆመና ረጋ።

ዳሩ ሞላላ ነው። ውስጡ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ። ወደ መስኮቱ ይዤ ቀረብኩ። በነጩ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቀይ መስመሮች አንዱ በሌላው ውስጥ ይዞራሉ።

አውራ ጣት ነው።

ቀለሙን ሳይደርቅ አነሣሁት፤ ጠርቶ ተነሣ። ጥቅሉን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የሚፈራ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ፈተንኩ።

ቀዩ ቀለም በሌላ ቁራጭ ብራና ላይ፦ ያዘ።
ጥቁሩ በዚያ ስፍራ፦ ሸሸ።
ንጹሕ ውሃ በዚያ ስፍራ፦ ሸሸ።
ቀዩ ቀለም ከስፍራው ወጣ ብሎ ኅዳጉ ላይ፦ ያዘ።

ስለዚህ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፣ የቆዳውም አይደለም። የስፍራው ነው።

ሰርክዓለም አንድ ጊዜ የሰጠችኝ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች አሉኝ። ጤና ጣቢያ ጣት ወግተው ደም የሚቀበሉባቸው ናቸው፤ ደሙ ሳይሳብ ራሱ ይወጣባቸዋል። አንዱን እንዳለ ቀለም ውስጥ አቆምኩት። ቀለሙ ሲኒው ውስጥ ካለው ከፍ ብሎ ወጣ፤ ጫፉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን መሐሉ ዝቅ፣ ዳሩ መስታወቱን ይዞ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛውን በቀለጠ ሰም ውስጡን ለቀለቅሁና አቆምኩት። ቀለሙ እንኳን ሊወጣ ሲኒው ውስጥ ካለው ዝቅ አለ። ጫፉም ተገለበጠ፤ መሐሉ አብጦ ዳሩ ከግድግዳው ይሸሻል።

የፊዚክስ መጽሐፌ ይህን የመገናኛ ማዕዘን ይለዋል። ፈሳሹ ግድግዳውን ሲነካ የሚሠራው ማዕዘን ነው፤ ጠባብ ከሆነ ፈሳሹ ግድግዳውን ወዶ ይወጣል፣ ሰፊ ከሆነ ጠልቶ ይወርዳል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየፈታሁ ክረምቱን ሙሉ ነው ያነበብኩት።

ታዲያ ነገሩ ቅባት ነው። የማን ቅባት? ለበሽተኛ ቀንዲል ሲጸለይ ካህናቱ ግንባሩንና እጁን ዘይት ይቀቡታል። አስረስ ተቀብቷል፣ በተቀባ ጣቱ ብራናዬን ነክቷል። አለቀ። እንዲህ ብዬ ስጨርስ ደስ አለኝ። ዳቦ ቆርሼ በላሁ።

ከዚያ ጎረቤቴ ጥሩነሽ መጣች። መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ ናት፤ ምላሷ ከጎኗ ያለውን ማሰሮ ሁሉ ይሰብራል። ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን አይታ ምንድን ነው አለች። ነገርኳት።

"በሕይወት ያለ ሰው ስም ለመቃብር እየጻፉ፣ ብራናው ቢያፍር ምን ይገርማል አያ ደሴ?"

ብራና አያፍርም አልኳት። ቅባት ነክቶታል፤ ቅባት የነካው ማሰሮሽ ውሃ ይጠጣል ወይ አልኳት። አይጠጣም አለች። ጎንበስ ብላ ስፍራውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ወይስ እምቢ ያለው የርስዎ እጅ ይሆን?"

እጄ የታዘዘውን ነው የሚሠራ አልኳት። ሳቀች፤ ግን ስትወጣ ጀርባዋን ለብራናው አልሰጠችም። ወደ ኋላ እየተራመደች ነው የወጣች።

ለሰርክዓለም ደወልኩ። ቀንዲሉ መቼ ነበር ብዬ ጠየቅኋት፤ ለማረጋገጥ ብቻ።

"ዛሬ ነው አያ። ካህናቱ አሁን ገቡ፣ ሊጀምሩ ነው።"

ትናንትስ እጁ ላይ ምን ነበር አልኳት። ምንም አለች። እርስዎ ሳይመጡ ጠዋት በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤው ነበር፣ ቆዳው እንደ ቅርፊት ደርቋል፣ ምነው ጠየቁኝ አለች።

ለምንም አይደለም ብዬ ዘጋሁት።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የሰው ገላ የራሱ ወዝ አለው። የታጠበም፣ የታመመም። ይህን ጽፌ ልጀምር።

ጠዋት የተነፋ አመድ በጨርቅ አሸሁበት። ከዚያ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ። ቀለም ጣልኩ፤ ሸሸ። ትንፋሼን እፍ አልኩበት። ትንፋሽ ብራና ላይ አይታይም፤ እዚያ ስፍራ ላይ ግን እንደ መስታወት ጉም ያዘ። ጣቱ ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጉሙ ሲጠፋ ጠፋ።

ትናንት ከነበረው የሰፋ መሰለኝ። ዓይን ያታልላል፤ ትናንት ዳሩ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጌ ነበር። ነጥቦቹ አሁን ውስጥ ገብተዋል።

ቅባት በቆዳ ውስጥ ይሄዳል። ቆዳ ውስጡ ሁሉ ጠባብ መንገድ ነው፤ ውሃ በጥጥ እንደሚሄደው ቅባትም በዚያ ይሄዳል። ይህ የታወቀ ነው። ግን ወደ ግራ አልሄደም፣ ወደ ላይም አልሄደም። ወደ ቀኝ ነው የሄደው፣ ከስሙ ቀጥሎ "ማረው" የሚል ቃል ወዳለበት። የመጀመሪያው ፊደል ጫፉ ተልጦ አየሁት። ያ ቃል ከደረቀ ሳምንት ሆኖታል።

ከቀትር በፊት ሰርክዓለም ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ዓይኗ አብጧል። አባቷ ሌሊቱን አልተኛም፤ ሲነቃ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይደባብሳል፣ ጥቅሉን ነው የሚፈልገው አለች። ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ አሳየኋት። አልገረማትም፣ ወይም ድካሟ ከመገረም በልጦባታል። ከቦርሳዋ የቤተ ሙከራ አልኮል አወጣች። በጥጥ ነክራ ቀስ ብላ ጠረገችው፤ እጇ ሸጋ እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። እስኪደርቅ ጠበቅን። ቀለም ጣልኩ።

ሸሸ።

"ቅባት ቢሆን አልኮሉ ያነሣው ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ወደ ውስጥ የገባውን አያነሣም አልኳት። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች።

"አያ፣ ይፋቁትና ይጻፉት።"

ማንም ጸሐፊ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምላጩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ላይኛውን ስስ ገጽ መግፈፍ፣ በሻካራ ድንጋይ ማለስለስ፣ መጻፍ። ባንድ ጊዜ ያልቃል፤ ማታ አስረስ ስሙን ያያል። ይህን ከእሷ አስቀድሜ አስቤዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

"የስም ስፍራ ላይ ምላጭ አላሳርፍም" አልኳት።

"ስም እኮ የለበትም። ባዶ ነው።"

"አላሳርፍም።"

"አባቴ እየሞተ ነው አያ። እርስዎ የሚቆጥሩት አሁንም ያንን ነው?"

የምመልሰው ነበረኝ። እሱ ያደረገውን አላደርግም፤ ለክፋትም ለደግነትም አላደርገውም። ሰው የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት፣ እኔ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት።

ሌላ መንገድ አለ አልኳት። የበሬ ሐሞት። ዱሮ ቆዳ ስለፋ ሐሞት የነካው ውሃ ቅባት ላይ ሲተኛ አይቻለሁ። ቀለሙ ላይ ጠብ ከተደረገ ይይዛል። እንግዲያው አሁኑኑ ልግዛ ብላ ተነሣች፣ ከዚያ ቆመች። ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ክርስቲያን ሥጋ ቤት የሚከፍት የለም።

የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነው አለች። ሊበሉት አይደለም አያ፣ ቀለም ውስጥ ነው የሚገባው አለች። ለክርስቲያን መቃብር የሚጻፍ ነው፣ ረቡዕ ቀን በታረደ በሬ ሐሞት አልጽፍም፣ ነገ ማለዳ እገዛለሁ አልኳት። በር ላይ ቆማ ብዙ አየችኝ።

"እናንተ ሁለታችሁ" አለች። በሩን ዘግታ ወጣች።

ከሄደች በኋላ፣ ማታ፣ ትንፋሼን እፍ አልኩበት። "ማ" ግማሹ ጠፍቷል።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሥጋ ቤቱ በር ላይ ከባለቤቱ ቀድሜ ደረስኩ። ሐሞት ስጠኝ ስለው፣ "አያ፣ በዚህ ማለዳ ዱለት አማረዎት?" አለኝ። ለቀለም ነው አልኩት። "ቀለምም ዱለት ጀመረ?" እያለ ከነከረጢቱ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ዋጋ አልቀበልም አለ።

ቤት ገብቼ ቀዩን ቀለም ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን እንዳለ የቀለም መያዣ ቀንዱ ውስጥ ተውኩት። ሌላውን ሲኒ ውስጥ አድርጌ ሐሞቱን በጠብታ ጨመርኩበት። መጀመሪያ በቱቦ ፈተንኩ። በሰም የተለቀለቀው ቱቦ ውስጥ ማክሰኞ ቀለም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ወጣ። ብዙ አይደለም። ግን ወጣ፤ ጫፉም ያ እብጠቱ ጠፍቶ ጎድጎድ ብሏል።

ለሁለቱም ለየብቻ ብርዕ ቀረጽኩ።

ብራናውን ዘረጋሁ። አማተብኩ። ዛሬ ትንፋሼን አልጣልኩበትም፤ ማየት አልፈለግሁም። ብርዑን ነክሬ ጻፍኩ። "ገ" ተኛ። "ብ" ተኛ። ቀጠልኩ። ገብረ ሥላሴ። ቀለሙ ገብቶ ያዘ፣ ዳሩ ጥርት ያለ፣ አንድም ቦታ አልፈሰሰም፣ አንድም ቦታ አልሸሸም። የተላጠውን "ማ" በጥቁር አደስኩት፤ እሱም ያዘ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ስሞች ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው። ሳየው ተናደድኩ። ያማረው ለእሱ በመሆኑ።

እስኪደርቅ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር፣ ስልኩ ጮኸ። ሰርክዓለም ናት። አላለቀሰችም። ሰማይ ሳይነጣ ነው ያረፈው አለች። ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው።

ጥቅሉን ይዤ ሄድኩ። ሳይገነዝ ደረስኩ። የእጆቹን አውራ ጣቶች እንደ ወጉ በክር አስረዋቸዋል። ራስጌው ያለውን ብርጭቆ ማንም አላነሣውም፤ ጥጡ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ጫፉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ትራሱ ርሷል። ሄጄ ጥጡን ከብርጭቆው አወጣሁት።

ጥቅሉን ደረቱ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም።

ከቀብር ስንመለስ ሰርክዓለም አጠገቤ ሄደች። 

"ትናንት ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያይ ዋለ" አለችኝ።

ሰማሁ። ይህን የምጽፈው መስማቴን እንዳልረሳው ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ዕቃዬን ሳጸዳ አንድ ነገር አገኘሁ። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ሐሞት ያለበት ሲኒ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። ፈተና ስጨርስ የከደንኩት እኔ ነኝ፤ አቧራ እንዳይገባው። ከፈትኩት። ላዩ ስስ ሽፋን ይዟል፣ ሽፋኑ አልተቀደደም። አጠገቡ ለሐሞቱ ቀለም የቀረጽኩት ብርዕ አለ። ጫፉ ነጭ ነው። ስንጥቁ ውስጥ እንኳ ቀይ የለም። ቀለም የነካው ብርዕ ያኛው ነው፣ ቀንዱ አጠገብ ያለው።

ሐሞት በሌለው ቀለም ነው የጻፍኩት።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ፈተንኩ። ከዚያው ቆዳ የተረፈ ቁራጭ ነበረኝ። ጣቴን ዘይት ነክቼ አሳረፍኩበት፣ ከቀንዱ ቀለም ጣልኩ። ሸሸ። ሐሞት ካለበት ጣልኩ። ያዘ። ሕጉ እንዳለ ነው፤ ቱቦውም፣ ማዕዘኑም፣ ሰሙም እንዳሉ ናቸው። አልተለወጡም። ያ ስፍራ ብቻ ነው የተለወጠው፣ ረቡዕ ማታና ሐሙስ ጠዋት መካከል።

የሚቻሉትን ጻፍኩ፦
አልኮሉ ዘግይቶ ሠራ። (ረቡዕ ማታ ስፍራው ሲሰፋ አይቻለሁ።)
ቅባቱ ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ ላዩ ነጻ። (ለምን ያን ሌሊት?)
በስህተት ሐሞት የነካው ጨርቅ ብርዑን ነካው። (ጨርቁን አየሁት። ንጹሕ ነው።)
እጄ ላይ ሐሞት ነበር። (ታጥቤያለሁ።)

ሰማይ ሳይነጣ ነው ያረፈው ብላለች። እኔ ስጽፍ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አየኋቸው። ከዚያ ተውኳቸው።

ምክንያት አለው። አላገኘሁትም። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ጥሩነሽ በደጅ ስታልፍ፣ ብራናው ታረቀዎት ወይ ብላ ጮኸች። አዎ ብዬ መለስኩላት። ለምን አዎ እንዳልኩ አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሣልስቱ ዛሬ ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሰርክዓለምና የደብሩ አለቃ ከሰው ለይተው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። መጽሐፉን አምጥተውታል። የእኔን መጽሐፍ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ቆዳው ጠቁሯል፣ ፊደሉ ግን እንደ ትናንት ነው።

ሰርክዓለም መጨረሻውን ገጽ ገልጣ ፊቴ አደረገችው። አባቷ ስሜን መፋቁን ለአለቃው ነግራቸዋለች። አለቃው ትሑት ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሟችን ነፍሱን ይማረው፣ እውነቱ ግን ወደ ቦታው ይመለስ፣ የእርሱ ስም ይፋቅና የርስዎ ይግባበት፣ ሰበካ ጉባኤውም ተስማምቷል አሉ።

ገጹን ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። ስሙ የተጻፈበት ስፍራ ስስ ሆኗል፤ ብርሃኑ ያልፍበታል። አንድ ጊዜ የተፋቀ ብራና ደግሞ ቢፋቅ ይቀደዳል። ይህ ለእነሱ የነገርኳቸው ምክንያት ነው፣ እውነትም ነው። አለቃው እንግዲያው ከጎኑ እንጨምረው አሉ። አይሆንም አልኩ። ለምን አሉ። አይሆንም አልኩ።

አለቃው ወጡ። ሰርክዓለም ቀረች። ሐሙስ የሆነውን ለእሷ ብቻ ነግሬያታለሁ፤ ስለ ሁለቱ ብርዕ። ቤተ ሙከራ የምትሠራ ናት፣ ምክንያት ታገኝልኛለች ብዬ ነበር። አላገኘችም። ሌላ ነገር ነው ያመጣችው።

"አያ፣ አባቴ ጥቅሉ ላይ ያን ስፍራ የያዘው የርስዎ ስም እንዲገባበት ይመስለኛል። ከእርሱ ጋር ይዞት ሊሄድ።"

"ጣት ነው። ጣት አይናገርም።"

"ታዲያ ምነው እሱ ሲለቅ ቀለሙ ያዘልዎት?"

መጽሐፉን ዘጋሁት። ሁለት እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ገብረ ሥላሴ ይጠራበት፤ የሚያስፈልገው እሱ ነው፣ እኔ ገና ለራሴ መጸለይ እችላለሁ። ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው እንደሆነ እንጃ። ፊቷን አይቼ የተናገርኩት ይመስለኛል።

እስከ ወለቃ በእግሬ መጣሁ። መንገድ ላይ ብዙ ሰው አጽናናኝ። ሁለት ሰዎች ስለ መጽሐፉ ጠየቁኝ፤ ወሬው ወጥቷል። አንዱን አለፍኩት። ሁለተኛውን፣ ወንድሜን የቀበርኩት ከትናንት ወዲያ ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም አልኩት።

ከዛሬ ወዲያ ያው ነው። አለቃው ቢመጡ፣ ጉባኤው ቢጠራኝ፣ ሰርክዓለም ብታለቅስ፣ መልሴ ይኸው ነው። የተፋቀውንም፣ ያ ስፍራ ያደረገውንም ለማንም አልናገርም። ለካህንም። ከእንግዲህ እዚህም አልጽፈውም።